ኮምፒውተሬ በሶ ያስቃመኝ ዕለት

ትሕትና በተፈጥሮ የተሰጠኝ ነገር አይደለም። አቃቂ ውስጥ በአንድ የፍራሽና የትራስ ማምረቻ፣ በሦስት ቀን፣ ሰው ፊት የተማርኩት ነው። ከዚያ በፊት የነበረችውን ሰላማዊትን ብታገኟት አትወዷትም ነበር። እኔ ራሴ አሁን ሳስታውሳት ጆሮዋን መቆንጠጥ ያምረኛል።

በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው አቃቂ ነው። አባቴ አቶ በየነ ዕድሜውን ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ከጡረታው ጋርም አንድ የማይለቅ ሳል ይዞ ቤት የገባ ሰው ነው። እኔ ደግሞ የቤቱ የመጀመሪያዋ ምሁር ነኝ፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳው አልፈቅድም ነበር። ከሳሪስ ወደ አቃቂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «ምን ትማሪያለሽ?» ብሎ ከጠየቀኝ አለቀለት፤ እስክንደርስ ድረስ ስለ ዲጂታል ሆሎግራፊ ይሰማል። መውረጃቸው ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ያሉ ሁለት ሰዎች አስታውሳለሁ።

እናንተም «ወራጅ አለ» ከማለታችሁ በፊት ባጭሩ ላስረዳችሁ። ተራ ፎቶ አንድ ብናኝ ላይ ይሁን ታች፣ ግራ ይሁን ቀኝ ያሳያል። ቅርብ ይሁን ሩቅ ግን አያሳይም። የኔ መሣሪያ ይህንንም ያውቃል። በአንድ በኩል ሌዘር፣ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ደግሞ ሌንሱ የወለቀለት ካሜራ ፊት ለፊት ይቆማሉ። በመካከላቸው ብናኝ ሲያልፍ ብርሃኑ ብናኙን ይነካና ካሜራው ላይ ቀለበት ቀለበት ይሠራል፤ ኩሬ ውስጥ ጠጠር ሲጣል እንደሚታየው ዓይነት። ብናኙ ለካሜራው ከቀረበ ቀለበቶቹ ጠጋ ጠጋ ይላሉ፤ ከራቀ ይንሰራፋሉ። ኮምፒውተሩ ይህን አይቶ ብናኙ ከካሜራው ምን ያህል እንደራቀ ያሰላል። በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ እያንዳንዱ ብናኝ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። አለቀ። «ከካሜራው» የምትለዋን ቃል ብቻ ያዙልኝ። እኔ እሷን ረስቼ ነው ጉድ የሆንኩት።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሣሪያው እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። አማካሪዬ ግን ቀለበቶቼን አይተው አይተው፣ «ብርጭቆ ሣጥን ውስጥ ያለ ብናኝ ማንንም አያስጨንቅም። ሰው የሚተነፍሰውን ለክተሽ አምጪ» አሉኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ በማግስቱ አቶ ነስሩ ዘንድ ወሰደኝ።

አቶ ነስሩ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው አቃቂ ውስጥ በሱቅ የጀመሩ ሰው ናቸው። ኋላ ከፋብሪካ የሚወጣ ቁርጥራጭ ጥጥ እየገዙ፣ በማሽን እያፍታቱ፣ ፍራሽና ትራስ ማሠራት ያዙ። አዳራሻቸው መሃል ላይ ማፍታቻው ማሽን ቆሟል። ከማሽኑ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ብናኙን ስቦ ወደ ውጭ እንዲያስወጣ የተተከለ ትልቅ ቬንትሌተር አለ። ከማሽኑ ፊት ለፊት ስድስት ሴቶች ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረው ትራስ ይሞላሉ።

«የጥጥ ብናኝ ወዴት እንደሚሄድ ትለኪያለሽ?» አሉኝ አቶ ነስሩ።

«በሦስት አቅጣጫ» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ።

«ለኔ አንዱ ይበቃኛል። ወደ ሴቶቹ ይሄዳል ወይስ አይሄድም?»

ጥያቄው የመጣው በዘይነባ ምክንያት ነው። ዘይነባ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጠን ያለች፣ ዝምተኛ ሠራተኛ ናት። ካለፈው ክረምት ወዲህ ያስላታል፤ ደረቷን ይይዛታል። ብናኙ ነው የሚያሳምመኝ፣ ውጭ በረንዳው ላይ የትራስ ልብስ ከሚሰፉት ጋር አድርጉኝ ብላ ለምናለች። ችግሩ በረንዳውን የማይመኝ ሠራተኛ አለመኖሩ ነው። ፀሐይ አለ፣ ሬዲዮ አለ፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ማየት አለ። ይባስ ብሎ የዘይነባ መቀመጫ ከአዳራሹ ሁሉ የሚመረጠው ነው። ልክ ከማሽኑ ትይዩ ነው፤ ሌሎቹ በላብ ሲጠመቁ እሷ ጋ ደስ የሚል ነፋስ ይመጣል። ስለዚህ ማንም አላመናትም። የሴቶቹ ታላቅ እትዬ አስካለማ፣ «እኔ እዚያ ብቀመጥ ከዕድሜዬ ላይ አሥር ዓመት በቀነስኩ ነበር» ይላሉ።

አቶ ነስሩ ክፉ ሰው አይደሉም። «እሷን ብቻ ባወጣ አምስቱ ይነሱብኛል» አሉኝ። «ከዋሸች ልወቅ። ካልዋሸችም ልወቅ። አንቺ የምትይውን አደርጋለሁ፣ ኢንጂነር።» ኢንጂነር አይደለሁም ብል አልሰሙኝም። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛ ጊዜ አላስተባበልኩም።

ረቡዕ ጠዋት መሣሪያዬን በባጃጅ ጭኜ ደረስኩ። የመጀመሪያው ጣጣ ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ መንቀጥቀጡ ነበር። ከጋራዥ አሮጌ የባጃጅ ጎማ ለምኜ ጠረጴዛዬን አራት ጎማ ላይ አቆምኩት። ሴቶቹ ይህን አይተው ሥራቸውን ትተው ሳቁ። «ጠረጴዛው ሊሄድ ነው ወይስ ሊቆም?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

ሁለተኛው ጣጣ ሶኬት ነው። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። ያቀድኩት ካሜራውን በሴቶቹ በኩል፣ ሌዘሩን በማሽኑ በኩል ላደርግ ነበር፤ ፕሮግራሙንም የጻፍኩት እንደዚያ ብዬ ነው። ሶኬት ያለው ግን በማሽኑ በኩል ብቻ ነው። ዲቫይደሬን ዘረጋሁት፤ አንድ ክንድ ጎደለው። የካሜራው ገመድ ደግሞ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ ከላፕቶፑ መራቅ አይችልም። ሌዘሩ በባትሪ ስለሚሠራ ግድ የለውም። ስለዚህ ሁለቱን አቀያየርኳቸው፤ ካሜራው ወደ ማሽኑ፣ ሌዘሩ ወደ ሴቶቹ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። እንዲያውም በብልሃቴ ኮራሁ።

ይህን ስሠራ ዘይነባ አጠገቤ ቆማ ታየኝ ነበር። መሣሪያው የተተከለው ከእሷ መቀመጫ ፊት ለፊት ነው።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር እውነቱን ያወጣል?» አለችኝ።

«መሣሪያ አይዋሽም» አልኳት።

«እንግዲያው ደህና» አለች። ሻሿን አፏ ላይ አጥብቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፊቷ ላይ የነበረውን እፎይታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቀትር ላይ አባቴ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ መጣ። አትምጣ ብዬው ነበር። ሠራተኞቹ «ጋሼ በየነ» እያሉ ተነሱለት፤ ግማሾቹ የድሮ ባልደረቦቹ ልጆች ናቸው። እሱ ምሳዬን አስቀምጦ ወደ ማሽኑ እያየ፣ «ጥጧን ልጠይቃት?» አለኝ።

ይህ ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በአባቴ ዘመን ፈትል ክፍል ውስጥ አንድ ማሽን ከቦታው ሲነሳ ወይም አዲስ ሲተከል፣ ከሠራተኛው መካከል «ጠያቂ» የሚባል አንድ ሰው ነበር። ጠያቂው ከጥጡ እጅግ የሳሳች ቅንጣቢ ይቆነጥርና በየመቀመጫው ፊት፣ በአፍ ቁመት ልክ ይለቃታል። ሁሉም ጸጥ ብሎ ጥጧ ወዴት እንደምትሄድ ያያል። «እዚህ ተቀመጡ፣ እዚያ አትቀመጡ» የሚለው ጠያቂው ነው። አለቆቹም አይከራከሩትም። አባቴ ብዙ ዓመት ጠያቂ ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼ የጠገብኩ ሰው ነኝ።

«አባዬ፣ አሁን ዞር በልልኝ፤ ሌዘሩን እያስተካከልኩ ነው» አልኩት። ዞር አለ።

ሐሙስ ዕለት ጠዋቱን ሙሉ ቀረጽኩ። ቀለበቶቹ ጥርት ብለው ሲመጡ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ኮምፒውተሩ ሲያሰላ ውሎ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውጤቱን አወጣ። ስክሪኑ በሺህ በሚቆጠሩ ትናንሽ ቀስቶች ተሞላ፤ እያንዳንዱ ቀስት የአንድ ብናኝ ጉዞ ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ከሴቶቹ ተነስተው ወደ ማሽኑ፣ ማለትም ወደ ቬንትሌተሩ ያመለክታሉ። የሚያምር ውጤት ነበር። ቬንትሌተር ሊሠራ የሚገባውን ሲሠራ እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ። ጥርጣሬ የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም።

አቶ ነስሩ ማሽኑን አስቁመው ሁሉንም ሰበሰቡ። ላፕቶፑን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «ብናኙ ወደ እናንተ አይመጣም» አልኩ። «ከእናንተ ርቆ ወደ ቬንትሌተሩ ነው የሚሄደው። ከሁሉም ንጹሑ ቦታ ደግሞ ይሄ ነው» ብዬ የዘይነባን መቀመጫ አመለከትኩ።

አጨበጨቡልኝ። አቶ ነስሩ ለስላሳ አስመጡ። እትዬ አስካለ ጠርሙሳቸውን ይዘው ወደ ዘይነባ ዞሩና፣ «አየሽ አይደል፣ ብናኙ እንኳ ፈርቶሽ ነው የሚሸሸው» አሉ። ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅሁ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

አቶ ነስሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዘይነባ፣ ሳሉ ከሌላ ነገር ይሆናል፤ ሐኪም ቤት እልክሻለሁ። ቦታሽ ግን ቦታሽ ነው» አሏት።

«እሺ» አለች። ለስላሳዋን ሳትነካ አግዳሚው ሥር አስቀመጠችው። አልተከራከረችም፣ አላለቀሰችም። እኔን ብቻ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

ያን ዕለትም ምሳ ይዞልኝ የመጣው አባቴ እስከዚያ ድረስ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ሰው ሲበተን ወደኔ መጣ።

«ሰላምዬ፣ ወደ ማሽኑ ነው የሚሄደው ያልሽው?»

«አዎ አባዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት። ኮምፒውተሩ ነው።»

«እሱማ ምን ቸገረው» አለ። «እሱን አያስለው።»

ማሽኑ እንደገና ተነስቷል። አባቴ ከጆንያው ጥጥ ቆነጠረና በሁለት ጣቱ እያሳሳ ከዘይነባ መቀመጫ ፊት፣ ከመሣሪያዬ አጠገብ ለቀቃት። ጥጧ ትንሽ ተንሳፈፈች፣ ተንሸራተተችና መጥታ የዘይነባ ሻሽ ላይ አረፈች። ሴቶቹ ያዩ ነበር።

«ይህቺ እኮ ትልቅ ናት አባዬ» አልኩት። «እኔ የምለካው ዓይን የማያየውን ነው። ሁለቱ አይገናኙም።»

«ትንሹ ለብቻው የተመደበለት ነፋስ አለ እንዴ?»

መልስ የሌለው ሰው ይቆጣል። «አባዬ፣ ያንተ ጥንቆላ ነው፤ የኔ ሳይንስ ነው» አልኩት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አባቴ ባዶውን ምሳ ዕቃ በፎጣው ጠቀለለ፣ ቋጠሮውን ሁለቴ አጠበቀና ወጣ። ሲያስል በሩ ላይ ሰማሁት።

ዓርብ ጠዋት መሣሪያዬን ላነሳና አቶ ነስሩ ለአማካሪዬ የሚጽፉልኝን ደብዳቤ ልቀበል ስነሳ አባቴ አብሮኝ ባጃጅ ውስጥ ገባ። የባቡር ሐዲዱን ስንሻገር፣ እኔን ሳያይ፣ «እኛ መጀመሪያ በር ላይ ነበር የምንጠይቃት» አለ።

«ማንን?»

«ጥጧን። በር ላይ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። እዚያ ትለቂያታለሽ። የምታውቂውን በትክክል ከነገረችሽ በኋላ ነው የማታውቂውን ልትጠይቂያት ወደ ውስጥ የምታስገቢያት። አንዳንዴ እኮ ጥጧ እርጥብ ትሆናለች፤ አንዳንዴ ጠያቂው ራሱ ሳያውቀው ይተነፍስባታል።» አሁን ወደኔ ዞሮ፣ «ያንቺን የታወቀ ነገር ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መቶ ጊዜ» አልኩት።

«እዚህስ?»

እዚህ አልጠየቅሁትም። ግን አላመንኩለትም። ነገሩን እዚያው ሠርቼ አሳይቼ እርፍ ላድርገው ብዬ ወሰንኩ። ዓላማዬ እውነትን መፈለግ አልነበረም፤ የአባቴን አፍ ማስያዝ ነበር።

ስንደርስ ዘይነባ በር አጠገብ ቆማለች። የሥራ ጋወኗን አጥባ፣ አጥፋ፣ በፌስታል ይዛ መጥታለች። አቶ ነስሩን እየጠበቀች ነው፤ ጋወኑን አስረክባ ሥራውን ልትለቅ። «ውሸታም ተብዬ አልቀመጥም» ብላለች ለሴቶቹ። አቶ ነስሩ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤዬን እየጻፉ ነው፤ ከጁምዓ ሶላት በፊት ሁሉን ነገር ሊጨርሱ ቸኩለዋል።

ዓይኔን ከፌስታሉ ላይ አንስቼ ሥራዬን ጀመርኩ። «ዱቄት ነገር ያለው ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። እትዬ አስካለ ከቦርሳቸው በላስቲክ የታሰረ በሶ አወጡ። «ቁርሴ ነው፤ አታባክኚው» አሉኝ።

ማሽኑንና ቬንትሌተሩን አስጠፋሁ። በዘይነባ መቀመጫ ላይ ተቀመጥኩ። መዳፌ ላይ ጥቂት በሶ አድርጌ፣ በሌዘሩና በካሜራው መካከል፣ ወደ ማሽኑ አቅጣጫ እፍ አልኩት። በሶው በኖ ሄደ። ካሜራው ቀረጸ። እኔም እንደ ንግሥት ተደግፌ ስሌቱን ጠበቅሁ። ሴቶቹ ከበቡኝ። አባቴ ከኋላ ቆሟል።

ቀስቶቹ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ወጡ። አየኋቸው። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩና እንደገና አየኋቸው።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ አስካለ።

ስክሪኑን በመዳፌ ልሸፍን ሞከርኩ።

«ማንበብ ባልችልም ቀስት አውቃለሁ። ይሄ ሁሉ ወዳንቺ ነው የሚመጣው። በሶውን ቅመሻል ነው የሚለው?»

እንደ ኮምፒውተሬ ከሆነ አዎ፤ ቅሜዋለሁ። በሶው ከማሽኑ ተነስቶ፣ ተሰልፎ፣ በቀጥታ አፌ ውስጥ ገብቷል። የእትዬ አስካለ በሶ ግን ካሜራው ላይ ተለጥፎ ተቀምጧል። እሳቸው በመሐረባቸው ጠርገው፣ «እና ይሄ የማን ቁርስ ነው?» አሉኝ።

እጃቸውን ተከትዬ ካሜራውን ሳየው ነው የገባኝ። ካሜራው በማሽኑ በኩል ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው «ከካሜራው ራቀ፣ ወደ ካሜራው ቀረበ» የሚለውን ብቻ ነው። ካሜራው የት እንደቆመ የምነግረው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ በሴቶቹ በኩል ነው ብዬው፣ ረቡዕ ዕለት ለአንድ ክንድ ገመድ ብዬ አዙሬው፣ መንገሩን ረሳሁት። ከካሜራው እየራቁ ወደ ሴቶቹ የሄዱትን ብናኞች ሁሉ እሱ ከሴቶቹ እየራቁ ነው ብሎ ቆጠራቸው። ትናንት ያስጨበጨቡልኝ ቀስቶች በሙሉ፣ እያንዳንዳቸው፣ ተገልብጠው ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የምወድበት ሰዓት ነበር፤ መሬቷ ግን ሲሚንቶ ናት። ደብዳቤው ተጽፏል፤ ዝም ብል መመረቂያዬ አልቋል። ማንም አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ይህን ለአንድ አፍታ አስቤዋለሁ። ከዚያ የዘይነባን ፌስታል አየሁ።

አቶ ነስሩ ደብዳቤውን ይዘው ወጡ። «ይኸው ኢንጂነር» አሉ።

«አቶ ነስሩ፣ አይስጡኝ» አልኳቸው። «ተሳስቻለሁ። ትናንት የነገርኳችሁ አቅጣጫ ተገልብጧል። ካሜራውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ብናኙ ወደ ሴቶቹ ነው የሚመጣው። ከሁሉም አብልጦ የሚመጣው ወደ ዘይነባ ነው።»

አቶ ነስሩ ደብዳቤውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ካሜራው ላይ የቀረውን በሶ አዩ።

«ለስላሳውን አንመልስም» አሉ እትዬ አስካለ።

ማንም አልሳቀም፤ እኔ ግን አመሰገንኳቸው፤ ቢያንስ አንድ ሰው ተነፈሰ። አቶ ነስሩ ጥቂት አስበው፣ «ቆይ እንጂ» አሉ። «ቬንትሌተሩ ከኋላ እየሳበ ብናኙ እንዴት ወደፊት ይሄዳል?»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። አባቴ ግን ወደ ቬንትሌተሩ መራመድ ጀምሯል። «አስነሱልኝ» አለ። አስነሱለት። ቅንጣቢ ጥጥ አሳስቶ ከወንፊቱ ፊት ለቀቃት። ቬንትሌተሩ እየሳበ ቢሆን ጥጧ ወንፊቱ ላይ በተለጠፈች ነበር። እሷ ግን ተስፈንጥራ ተመለሰችና የአባቴ ጺም ላይ ተሰካች።

«ነስሩ» አለ አባቴ ጺሙን እየጠረገ። «ይሄ አይስብም። ይነፋል።»

ካለፈው ክረምት በፊት የቬንትሌተሩ ሞተር ተቃጥሎ ተጠግኖ ነበር። ሲመለስ ሁለት ገመዶች ተለዋውጠው ታስረዋል፤ ሞተሩ ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ ነው የሚሽከረከረው። ከግድግዳው ወዲያ ቆርቆሮና ብረታ ብረት የታጨቀበት ጠባብ ክፍተት ነው፤ ማንም ገብቶ አያይም። ያ ሁሉ ሰው የቀናበት፣ ዕድሜ የሚቀንሰው ነፋስ ከማሽኑ ጀርባ ተነስቶ ብናኙን እየጠረገ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ዘይነባ ላይ ሲያራግፍ ኖሯል። የዘይነባ ሳል የጀመረው መቼ እንደሆነ ያን ጊዜ ሁላችንም በየልባችን ቆጠርን።

እትዬ አስካለ ተነስተው ወደ በሩ ሄዱና ፌስታሉን ከዘይነባ እጅ ወሰዱት። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት። «በነፋሱ ቀንቼብሽ ነበር።»

ዘይነባ እንባዋ መጣ። ወደኔ ዞራ፣ «መሣሪያ አይዋሽም ብለሽኝ ነበር» አለችኝ።

«እሱ አልዋሸም» አልኳት። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ወዲያው እሺ አላለችኝም፤ አልፈርድባትም። አቶ ነስሩ ግን ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ሐኪም ቤቱ እንዳለ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በረንዳው ላይ ነሽ» አሏት። ለሌሎቹ፣ «የሚነሳብኝ አለ?» ሲሉ የተነሳ አልነበረም። ማሽኑን ዘግተው፣ ኤሌክትሪሲያን ጠርተው፣ ለጁምዓቸው እየሮጡ ወጡ። ሁለቱ ገመዶች በግማሽ ሰዓት ተለዋወጡ። ሰኞ መጥቼ እንደገና ለካሁ፤ አስቀድሜ በበሶ ጠይቄ። ቀስቶቹ በእውነት ወደ ቬንትሌተሩ ሄዱ። በዚህ ጊዜ ያጨበጨበልኝ ሰው የለም። ዘይነባ ግን ከበረንዳ ገብታ ስክሪኑን አየችና፣ «ካሜራው በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። ቆማ በደንብ ካጣራች በኋላ ነው ፈገግ ያለችልኝ።

የዚያን ዓርብ ከአባቴ ጋር በእግራችን ነው ወደ ቤት የሄድነው። እንዴት ይቅርታ እንደምጠይቀው አላወቅሁም። ዝም ከማለት ብዬ፣ «አባዬ፣ አንተ ብናኙ ወዴት እንደሚሄድ ይህን ያህል እያወቅህ ሳሉ እንዴት ያዘህ?» አልኩት።

የምን ጥያቄ ነው እንደሚል ሰው አየኝ። «ጠያቂ ነበርኩ እኮ» አለ። «ጥጧ ወዴት እንደምትመጣ ለማወቅ በምትመጣበት መቆም ነው። ሌላው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው እኔ ዞር የምለው።»

መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ ሰው እንዳያይብኝ እየከለለኝ፣ «በቃ፣ ብናኝ ገብቶባት ነው እላለሁ» አለኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን እንደለወጠኝ ብትጠይቁኝ ሳይንስን መጠራጠር አልተማርኩም። መሣሪያዬን ዛሬም እወደዋለሁ፤ ያላየውን አየሁ አላለም፣ ያየውንም አልደበቀም። የተማርኩት ከመሣሪያው ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ዲቫይደር ያጠራት ሰላማዊት እንዳለች ነው። ውጤት ሲያምረኝ ዛሬ የመጀመሪያ ሥራዬ መፍራት ነው። እናንተም የምትለኩት ብናኝ ባይሆንም፣ በሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት መለኪያችሁን መልሱን የምታውቁትን አንድ ነገር ጠይቁት። በሶ ርካሽ ነው።

መመረቂያዬን ሳቀርብ አንዱ ፈታኝ ገጹን ገልጠው፣ «እዚህ ጋ ‹በበሶ ተፈትሿል› ይላል፤ ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከአዳራሹ ኋላ አባቴ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ታሪኩን ከነውርደቴ ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በታክሲ ውስጥ «ምን ተማርሽ?» የሚለኝ ሲኖር የምነግረው ይህንኑ ነው። እስካሁን ያለቦታው የወረደ የለም።

አሁን ሥራዬ ይኸው ነው፤ ብናኝ ያለበት ወርክሾፕ እየዞርኩ እለካለሁ። መሣሪያውን ከመትከሌ በፊት ግን ሠራተኛው በሚቀመጥበት ቦታ ቆሜ፣ በአፌ ቁመት፣ አንዲት የሳሳች ጥጥ እለቃለሁ። አባቴ ይህን ያውቃል። ጠዋት ስወጣ በር ላይ ይጠብቀኛል፤ በአንድ እጁ ምሳ ዕቃዬን፣ በሌላው ማስክ ይዞ። ምሳውን አንዳንዴ ይረሳል። ማስኩን ግን አንድ ቀን ረስቶ አያውቅም።

«ጠያቂዋ» ይለኛል፣ «አፍሽን ሸፍኚ።»